ፀሎት ላይ ቆሜ ልቤ ባዶ ይሆንብኛል፣ እግዚአብሔር ርቆኝ ነው?

ስደተኛዋ (ሪያድ)፦

ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖቼ እንዴት ከረማችሁ። ይሄን ለማን እንደማወራው ስለጨነቀኝ ነው እዚህ የምፅፈው። የንስሐ አባቴ ሀገር ቤት ናቸው፣ ስደውል አንዳንዴ አይሰማም አንዳንዴ ሰው ከቧቸው ይሆናሉ፣ እንዲህ አይነት ነገር ደግሞ እየተቻኮሉ አይወራም።

ያለሁት ሳውዲ ነው፣ ሰው ቤት እሰራለሁ። እዚህ ሀገር እንደምታቁት ቤተክርስቲያን የለም፣ ቅዳሴም ስብከትም የምሰማው በስልኬ ነው እሱም ማዳም ከተኛች በኋላ በኢርፎን። ጠዋት ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሳይነሱ ቀድሜ እነሳና የዘወትር ፀሎት አደርሳለሁ፣ ከዛ የእለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ጊዜ ካለኝ ከዳዊት እጨምራለሁ። የምተኛው የልብስ ማጠቢያው ማሽን ያለበት ክፍል ውስጥ ነው፣ ስዕለ አድኅኖ ግድግዳ ላይ መስቀል ስለማልችል ስልኬ ላይ የእመቤታችንን ስዕል ከፍቼ ማሽኑ ላይ አቆመዋለሁ፣ ስክሪኑ እንዳይጠፋብኝ በየመሀሉ እየነካሁት ነው የምፀልየው። ነጠላ የለኝም ሻርፕ ነው የምከናነበው።

እና ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ልቤ አብሮኝ የለም። አፌ ያነባል ልቤ ግን ያልተተኮሰውን ልብስ፣ የላክሁትን ብር፣ የወንድሜን ትምህርት ነው የሚያስበው። ጨርሼ ስነሳ ምን እንዳልኩ አላቀውም። እንደመጣሁ ሰሞን እንዲህ አልነበርኩም፣ ያኔ ኑሮው ከአሁኑ ይብስ ነበር ቋንቋውንም አላቅም፣ ግን ገና በስመ አብ ስል እንባዬ ይመጣል፣ አጠገቤ ቆሞ የሚሰማኝ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ከግድግዳ ጋር የማወራ ነው የሚመስለኝ። ልተወው እልና ደግሞ እፈራለሁ። ልብ ሳይኖር መፀለይ ሀጢያት ይሆንብኝ ይሆን? ወደ እግዚአብሔር እንደ ድሮው ለመቅረብ ምን ላድርግ? የምታቁ እባካችሁ መልሱልኝ፣ አትስደቡኝ ብቻ።

የተዋህዶ ልጅ (አዲስ አበባ)፦

እህቴ ማንም አይሰድብሽም አይዞሽ። ይሄ እኮ ፈተና ነው፣ ጠላት ሰው ወሬ ሲያወራ ቢውል ግድ የለውም ለፀሎት ሲቆም ነው የሚመጣበት። መፍትሄው መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነው ባይ ነኝ። አባቶቻችን ሰባት የፀሎት ጊዜ የሰሩልን እኮ ያለ ነገር አይደለም፣ ዳዊት "ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ" ያለውን ይዘው ነው። ጠዋት ነግህ አለ፣ ሶስት ሰዓት ላይ መንፈስ ቅዱስ ለሀዋርያት የወረደበት፣ ስድስት ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት፣ አስራ አንድ ሰዓት ወደ መቃብር የወረደበት፣ ከዛ የመኝታና የእኩለ ሌሊት። ቀኑን ሙሉ ከክርስቶስ ህማምና ትንሳኤ ጋር ነው የምትውይው ማለት ነው። እንግዲህ ስራ ላይ ብትሆኚም ሰዓቱ ሲደርስ አንድ አባታችን ሆይ ማለት አያቅትሽም። ስግደትም ጨምሪበት፣ ሥጋ ሲደክም ሀሳብ ይሰበሰባል። ደግሞ ቤተክርስቲያን የለም ብለሽ አትዘኚ፣ የሪያድ ሰዓትና የኛ ሰዓት አንድ ነው፣ አንቺ ጠዋት ስትነሺ እዚህም ኪዳን እየደረሰ ነው፣ አብረሽን ነው የቆምሽው።

ተስፋ (ሀዋሳ)፦

ሰላም እህቴ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ እንግዲህ ቅር ካላላችሁ አንድ ነገር ልበል። ከላይ ወንድማችን የፃፈውን አከብራለሁ ግን እኔ የማስበው ሌላ ነው። ምናልባት የራስሽን ቃል ተናግረሽ አታቂ ይሆን? ማለቴ መፅሀፉን ዘግተሽ "ጌታ ሆይ ዛሬ ደክሞኛል፣ እጄን ክሎሪን አቃጥሎኛል፣ ሀገሬ ናፍቆኛል" ብለሽ ነግረሽው ታቂያለሽ? ሐና በቤተመቅደስ ስትፀልይ ድምጿ አይሰማም ነበር ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ እስኪጠረጥራት ድረስ። እሷ ግን "ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ" ነው ያለችው። እንደዛ አይነት ፀሎት ሰዓትም መፅሀፍም አይፈልግም፣ ሳህን እያጠብሽም ይሆናል። ኢየሱስ ራሱ ደጅሽን ዘግተሽ በስውር ላለው አባትሽ ፀልዪ ነው ያለው፣ ያቺ የማሽን ክፍል እልፍኝሽ ናት። እኔም እፀልይልሻለሁ።

የተዋህዶ ልጅ (አዲስ አበባ)፦

ወንድም ተስፋ ለቅንነትህ አመሰግናለሁ፣ ግን መፅሀፉን ዝጊ የሚለው ላይ አልስማማም። ልቧ በተበተነ ሰዓት መፅሀፉንም ከወሰድክባት ምን ይዛ ትቆማለች? የራሷ ቃል ደግሞ የሚመጣው ልብ ሲኖር ነው፣ እሷ እኮ ልቤ የለም ነው ያለችው።

ዲያቆን ነኝ (ጎንደር)፦

እንደምን አላችሁ። እህታችን፣ የጠየቅሽው ጥያቄ ሦስት ነገር አለበት፣ ከሚያስፈራሽ ልጀምር። ልብሽ እየተበተነ መጸለይሽ ኃጢአት አይሆንብሽም። ኃጢአት የሚሆነው ወደሽ ሐሳብሽን ስትለቂው ነው፣ አንቺ ግን መበተኑ አስጨንቆሽ እዚህ ድረስ መጥተሽ ጠየቅሽ፣ የማይፈልግ ሰው እንዲህ አይጨነቅም። በገዳም የኖሩ አባቶች ለሌላ ሥራ ሳይሆን ለጸሎት ብለው ዓለምን ትተው የወጡት እንኳ ስለ ሐሳብ መባዘን ብዙ ጽፈዋል፣ መጻሕፍተ መነኮሳትን ብትሰሚ የሚበዛው ትምህርት ከሐሳብ ጋር ስለሚደረግ ትግል ነው። ቤተ ክርስቲያንም ልባችን እንደሚወድቅ ስለምታውቅ ነው በቅዳሴ መካከል ካህኑ "አልዕሉ አልባቢክሙ" ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ የሚለን። መግቢያው ላይ አንዴ ተናግሮ አልተወውም፣ ብዙ ጸሎት ከደረሰ በኋላ ነው የሚያነሣው፣ ያኔም ገና ልብ መሬት ላይ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ ልብሽ ሄዶ ባገኘሽው ጊዜ አትቈጪ፣ "ከመጀመሪያው ልድገመው" ብለሽም አትመለሺ፣ እሱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው ሰውን ያሰለቻል። ከደረስሽበት መስመር ዝም ብለሽ ቀጥዪ። ሃምሳ ጊዜ ሄዶ ሃምሳ ጊዜ ብትመልሺው ሃምሳ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ተመልሰሻል።

ሁለተኛ የመጠኑ ነገር ነው። ወንድሜ ስለ ሰባቱ ጊዜያት የጻፈው ሥርዓቱ ነው፣ መልካም ነው። ነገር ግን ይቺ እኅት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት በሰው ትእዛዝ የምትውል ናት፣ ሰባቱን ላድርስ ብላ ባልቻለች ቁጥር ሌላ የኅሊና ወቀሳ ነው የሚጨመርባት። ዳንኤል በባቢሎን ስደተኛ ሳለ በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በጉልበቱ ይንበረከክ ነበር፣ አንቺም ሦስቱን ያዢ። ጠዋት የለመድሽውን፣ ቀን ላይ ሥራ እንደያዝሽ አባታችን ሆይና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን፣ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ደግሞ አጭር ነገር። ውዳሴ ማርያሙ ሙሉውን በጥድፊያ ከሚሆን የዕለቱን ግማሽ በዝግታ አድርሺው፣ ለእመቤታችን የሚያስከፋ ነገር የለውም። ቀሪውን ሰዓት እጅሽ ሲሠራ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" በዪ። መቁጠሪያ መያዝ ካልቻልሽ በጣትሽ አንጓ ቁጠሪ፣ አርባ አንድ ካልሞላሽ አሥራ ሁለት ይበቃል፣ እሱም ካልሆነ ያለ ቁጥር። ያ ቀራጭ በቤተ መቅደስ ቆሞ ያለው አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፣ "አምላክ ሆይ፣ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ"፣ ጻድቅ ሆኖ ወደ ቤቱ የሄደው እርሱ ነው።

የመጽሐፉና የራስ ቃል ጉዳይ፣ ተስፋ ወንድሜ፣ እኛ ዘንድ ሁለቱ አይጣሉም። ጌታ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ደግሞ ጸልዮአል፣ በመስቀል ላይም ሆኖ "አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ" ያለው የዳዊትን መዝሙር ነው። በጭንቅ ሰዓት አፍ የሚያውቀውን ቃል ነው የሚያወጣው። የራስሽንም ቃል ጨምሪበት፣ ጸሎትሽን ስትጨርሺ መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆመሽ በአማርኛሽ ያለሽበትን ንገሪው።

ሦስተኛው ያ የድሮው ስሜት ነው። እንባና ሙቀት ስጦታ ነው፣ ሲሰጥ ማመስገን ነው፣ ሲቀር ግን እግዚአብሔር ሄደ ማለት አይደለም። ኤልያስ በኮሬብ ነፋሱም እሳቱም መናወጡም አልፎ ነው ትንሽ የዝምታ ድምፅ የሰማው። ምንም ሳይሰማሽ በየማለዳው መቆምሽን እኔ ከዚያ ከእንባሽ ጊዜ የሚያንስ አድርጌ አላየውም፣ እውነቱን ለመናገር ይበልጥብኛል፣ ያኔ ደስታው ያቆምሽ ነበር አሁን የምትቆሚው ለእርሱ ብለሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፣ ይሄ ነገር የጀመረሽ መቼ ነው? በዚያ ሰሞን የደረሰብሽ ነገር ነበር? መመለስ ካልፈለግሽ ተዪው።

ስደተኛዋ (ሪያድ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተስፋ አንተንም ወንድሜ። ዲያቆን የፃፉትን እየደጋገምኩ ነው ያነበብኩት፣ ስክሪንሾት አድርጌ ይዤዋለሁ።

የጀመረኝ እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። መጀመሪያ ይሄን ያልፃፍኩት ስፅፈው ስለሚያመኝ ነው። ኩላሊቷን ታማ ነበር፣ ዲያሌሲስ በሳምንት ሁለቴ ሶስቴ ያስፈልጋታል ተብሎ እኔ የምሰራው ሁሉ ለሱ ነበር የሚሄደው፣ እሱም አልደረሰም። ተሳልኩ፣ ፆምኩ፣ ፍልሰታን እህል ሳልቀምስ እስከ ማታ እየሰራሁ ፆምኩ፣ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የለመንኩት፣ ኮንትራቴ አልቆ እስክገባ አቆይልኝ ነበር ያልኩት። አላቆየልኝም። ልቀበራትም አልቻልኩም፣ ፓስፖርቴ እነሱ ጋር ነው ማዳም ደግሞ ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው አለች። ቀብሩን ወንድሜ በቪዲዮ ነው ያሳየኝ፣ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ ነው ያለቀስኩት ድምፄ እንዳይሰማ።

ከዛ በኋላ ነው ፀሎት የደረቀብኝ። አሁን ዲያቆን ሲጠይቁኝ ሳስበው ሳልቀየመው አልቀረሁም መሰለኝ። እግዚአብሔርን። ይሄን መፃፌም ያስፈራኛል።

የልጆች እናት (ሜሪላንድ)፦

ልጄ፣ ነፍሷን ይማር፣ እግዚአብሔር ያፅናሽ። አይዞሽ አልልሽም ዛሬ፣ መጀመሪያ አልቅሺ። ለቅሶ ሳትቀመጪ ነው የቀረሽው፣ ሰው ሳይመጣልሽ፣ ድንኳን ሳይጣል፣ እዝን ሳይመጣ። ያላለቀሰ ሰው ምን ብሎ ይፀልያል። እኔ እዚህ በነርሲንግ ሆም ማታ ማታ የምሰራ አሮጊት ነኝ፣ ይሄን የምፅፍልሽ በእረፍቴ ሰዓት ነው፣ ስህተት ካለው እለፊልኝ።

መቀየምሽ አያስፈራሽ። እኔ ታላቅ ወንድሜን በቀይ ሽብር ጊዜ ወሰዱብን፣ በ1970። እናቴና እኔ ያልተሳልንበት ደጅ የለም፣ እናቴ ጠዋት ማታ ቤተክርስቲያን በር ላይ ነበረች፣ አልተመለሰም ሬሳውንም አላገኘንም። ከዛ በኋላ እኔ አባታችን ሆይ ስል "ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን" የሚለው ላይ ስደርስ አፌ አይከፈትም ነበር። የሱ ፈቃድ ከሆነ እንዴት ትሁን እላለሁ ብዬ። በሱዳን በኩል ስሰደድም እንደዛው ነበርኩ፣ ካርቱም ያገኘኋቸው አንድ መነኩሴ አባት ናቸው የነገርኳቸው፣ ይቆጡኛል ብዬ እየተንቀጠቀጥኩ። አልተቆጡም። "እስከምትችዪበት በዪና እዛ ላይ ስትደርሺ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ እሱ ይጠብቅሻል" አሉኝ። ብዙ ጊዜ እዛ ጋ እየቆምኩ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን አለፍኩት እንጂ መቼ እንዳለፍኩት እንኳ አላስታውስም።

ደግሞ ዳዊትን እይው ልጄ። 87ኛውን መዝሙር አውጪ፣ በአንዳንዱ መፅሀፍ 88 ነው የሚለው። ሌሎቹ መዝሙሮች ሲያለቅሱ ቆይተው መጨረሻቸው ላይ ይፅናናሉ፣ ይሄ ግን አይፅናናም። ቀንና ሌሊት ወደ አንተ ጮህኩ ይላል፣ ለምን ፊትህን ከኔ ትመልሳለህ ይላል፣ ወዳጅ ዘመዴን ከኔ አራቅክ ብሎ እዛው ላይ ያበቃል። ምስጋና የለውም መጨረሻው ላይ። ቤተክርስቲያን ደግሞ ይሄን አላወጣችውም፣ ካህናቱ ዳዊት ሲደግሙ ይደግሙታል። እንዲህ ብሎ መናገር ድፍረት ቢሆን ኖሮ እዛ መፅሀፍ ውስጥ ምን ይሰራል? ኢዮብስ ስንት ተናገረ፣ በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ላይ ነው ወይስ ሊያፅናኑ መጥተው ሲመክሩት በዋሉት ወዳጆቹ ላይ?

ስለዚህ ዛሬ ማታ "ለምን አላቆየህልኝም" ብለሽ በግልፅ ጠይቂው። በጨዋ ቋንቋ ካልሆነ ብለሽ አትጨነቂ። ከሰው ጋር የተቀያየመ ሰው ቢመላለስ እንኳ ወሬው ሁሉ ከአንገት በላይ ይሆናል፣ ያንቺም ከግድግዳ ጋር የማወራ መሰለኝ ያልሽው እሱ ነው የሚመስለኝ፣ የምታወሪው ሁሉ ትክክል ነው ግን ዋናውን ነገር ደብቀሽዋል። እሱ ያውቀዋል፣ አንቺ አልነገርሽውም እንጂ።

ተስፋ (ሀዋሳ)፦

እህቴ በጣም አዝናለሁ። እናቴ ከላይ የፃፉት ላይ የምጨምረው የለኝም፣ አንድ ጥቅስ ብቻ። ሮሜ 8 ላይ እንዴት እንድንፀልይ እንደሚገባን አናውቅም፣ ነገር ግን መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። ሽንት ቤት ውሃ ከፍተሽ ያለቀስሽው ፀሎት ነበር። እኔ እንደዛ ነው የማምነው።

የተዋህዶ ልጅ (አዲስ አበባ)፦

እህቴ ነፍስ ይማር፣ አብርሃም ይስሐቅ ያዕቆብ ካሉበት ያኑርልን። እኔ አንድ ተግባር ላይ የሚውል ነገር ልጠይቅ፣ የእናትሽ ፍትሐት እንዴት ሆነ? አርባዋ ወጣ? በሶስተኛው በሰባተኛው ባስራ ሁለተኛው በሰላሳው የሚደረገው ቢያልፍ እንኳ ሰማንያው አለ፣ መንፈቁ አለ፣ ሙት አመቷም አለ። አንቺ መገኘት ባትችዪም የክርስትና ስሟን ሰጥተሽ በስሟ ማስደረግ ይቻላል። ተስካር ደግሰሽ ባታበዪ ምንም አይደለም፣ የድሃ ተስካር ዳቦና ንፍሮ ይበቃዋል። ወንድምሽ ካልቻለ እኔ እዚህ ከማህበራችን ጋር አወራለሁ፣ ኢንቦክስ ፃፊልኝ።

ስደተኛዋ (ሪያድ)፦

እናቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎት። ትላንት ማታ 87ኛውን አነበብኩት፣ ዘመዴን አራቅክ የሚለው ላይ ስደርስ ማንበብ አልቻልኩም። እርሶ እንዳሉት ጠየኩት፣ ለምን ብዬ። ብዙ ቆየሁ፣ አለቀስኩ። መልስ አልመጣልኝም፣ እንደ ድሮውም አልሆነልኝም፣ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ለሱ ነው የተናገርኩት፣ ሀሳቤም የትም አልሄደም። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ላይ ግን እንደገና ተበተነ ሃሃ አይ ዲያቆን እንዳሉት መልሼ ቀጠልኩ።

የተዋህዶ ልጅ ወንድሜ የአርባዋን ወንድሜ አስደርጓል፣ መንፈቋ ገና ነው ኢንቦክስ ፅፌልሃለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅርታ አድርጉልኝና። የወር አበባ ላይ ስሆን ፀሎት እተዋለሁ፣ ልጆች ሆነን እንደዛ ነው የሰማነው፣ ስዕሉንም አልከፍትም። እና ሁሌ እዛ ጋ ይቋረጥብኝና እንደገና ለመጀመር ይከብደኛል። ትክክል ነው?

ዲያቆን ነኝ (ጎንደር)፦

እኅቴ፣ ለምን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ ብዙ እኅቶች የሚቸገሩበት ነገር ነው ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። ጸሎት አይከለከልም። በዚያ ጊዜ ሥርዓቱ የሚያግደን ወደ ቤተ መቅደስ ከመግባትና ሥጋ ወደሙ ከመቀበል ነው፣ በቤት ሆኖ መጸለይን አይደለም። የዘወትሩንም ውዳሴ ማርያሙንም ዳዊቱንም ታጥበሽ ንጹሕ ልብስ ለብሰሽ እንደ ወትሮው አድርሺ፣ ስልክሽ ላይ ያለውን ሥዕልም ክፈቺው። ሕመም ካለሽ ስግደቱን ተዪው፣ መቆም ካቃተሽም ተቀምጠሽ ጸልዪ። ለንስሐ አባትሽ ደግሞ ስለ እናትሽም ስለዚህም የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ላኪላቸው፣ ሰው ሲለያቸው ይሰሙታል፣ የልጅ ብዛት አያሰለቻቸውም። የእናትሽን የክርስትና ስም ለእኔም ላኪልኝ፣ እኛ ደብርም ይታሰባል።